ድመት የያዛትን ዋኖስ እስክትድን ቤት ውስጥ ማቆየት

ጥያቄ፦ «አንዲት የዱር ዋኖስ ከድመት አፍ አስጥያለሁ። ግራ ክንፏ ወደ ታች ወርዷል፤ የጭራ ላባዋም አብዛኛው ተነቅሏል። በሽቦ ኬጅ አድርጌ ሳሎን ካስቀመጥኳት ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ልጆች ሲነኳትም አትሸሽም። በወተት የራሰ ዳቦ ብሰጣት አልነካችውም። ውሃ በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ጠብ እያደረግኩላት ነው። እስክትድን ድረስ እንዴት ልያዛት?»

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት የድመቷ ነገር። ቁስሉ ትንሽ ነው ወይም ከነጭራሹ አይታይም ብለው አይዘናጉ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቆዳውን በስቶ ሲወጣ ቀዳዳው ወዲያው ይገጥማል፤ ላባውም ይሸፍነዋል። ውስጥ የሚቀረው ግን ፓስቱሬላን የመሰለ ባክቴሪያ ነው። ይህ በድመት አፍ ውስጥ የተለመደ ሲሆን የወፍ ደም ውስጥ ከገባ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ሊገድል ይችላል። በማግስቱ ደህና የመሰለች ወፍ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞታ የምትገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሁለተኛው ቀን ላይ ነዎት። ስለዚህ የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ወፍ ለሚያክም የእንስሳት ሐኪም ይደውሉ፤ «ድመት ይዟት ነበር» የሚለውንም አስቀድመው ይናገሩ። ሐኪሞች ለዚህ በብዛት የሚያዙት አሞክሲሲሊንን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ያዋሃደ አንቲባዮቲክ ነው። መጠኑ በእያንዳንዱ ግራም ክብደቷ ስለሚሰላ የሰው ክኒን ቆርሶ መስጠት አያዋጣም። ቤት ያለ የሰው ሕመም ማስታገሻም አይስጧት። በብዙ አገሮች የዱር ወፍን ቤት ማቆየት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ይህንንም በዚያው ስልክ ይጠይቁ።

ቀጥሎ «አትሸሽም» ያሉት። ዋኖስ የሚታደን ወፍ ናት፤ አዳኝ ሲይዛት የመጨረሻ መከላከያዋ መደንዘዝ ነው። የሰው እጅ ከላይ ሲያርፍባት ሰውነቷ የሚያውቀው ጭልፊትን ነው እንጂ ፍቅርን አይደለም። ዝምታዋን ለማንበብ ላባዋን ይመልከቱ። ላባዋ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ አንገቷ ረዝሞ፣ ዓይኗ ፈጦ ከቆመች ፈርታለች። ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ሰብስባ፣ ዓይኗን በቀን እየጨፈነች ከተቀመጠች ታማለች ወይም በርዷታል። በሁለቱም ጊዜ መዳበስ ይጎዳታል። በክንፏ ብትማታ ወይም በጉሮሮዋ ብታጉረመርም ጥሩ ምልክት ነው፤ ለመከላከል አቅም አላት ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከሽቦው ኬጅ ትውጣ። የዱር ዋኖስ በሽቦ ውስጥ ብርሃን ወዳየችበት ሁሉ ትወረወራለች። ግንባሯና የመንቁሯ ሥር ይላላጣል፤ የክንፏ ረጃጅም ላባዎችም ጫፋቸው ይሰበራል። ከሥሩ የተነቀለ ላባ ወዲያው ማደግ ይጀምራል፤ መሐሉ ላይ የተሰበረ ግን ጉቶው እስኪረግፍ፣ ማለትም እስከሚቀጥለው የላባ ለውጥ ድረስ ወራት ይጠብቃል። ክንፏ የዳነ ዋኖስ በላባዋ ምክንያት ብቻ ሳትለቀቅ የምትቆይበት ጊዜ አለ። ስለ ጭራዋ ግን አይጨነቁ። የዚህ ዘር ወፎች አዳኝ ሲይዛቸው ላባቸውን በቀላሉ ለቀው ያመልጣሉ፤ ቆዳው ካልተቀደደ ጭራው ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ውስጥ ተመልሶ ያድጋል።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ክዳን ያለው ካርቶን ነው። ለዋኖስ 40 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ለትልቅ ርግብ ደግሞ 50 በ40 በ40 ይበቃል። ከዚህ የሰፋ ቦታ ለተሰበረ ክንፍ መማቻ ይሆናል። የእርሳስ ውፍረት ያላቸው አሥር ያህል ቀዳዳዎች ከጎኖቹ ታችኛው ክፍል ላይ ይብሱ፤ ይህን የሚያደርጉት ወፏ ከመግባቷ በፊት ነው፤ ሹል ጠርዝ እንዳይተርፍባትም ከውስጥ ወደ ውጭ ይውጉ። መሬቱ ላይ ጥፍሯን የሚይዝ ክር የሌለው ጨርቅ ያንጥፉና በላዩ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ያልብሱበት። ነጭ ያልኩት ኩሷ እንዲነበብ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ጋዜጣ ብቻውን ያንሸራትታል፤ እግሯ ወደ ጎን እየከፈተ መገጣጠሚያዋን ያናጋዋል። ጭድና ሰጋቱራ ሲረጥቡ የሚያበቅሉት ሻጋታ ሳንባዋ ውስጥ ስለሚገባ ይቅሩ። መቆም ካልቻለች ፎጣ ጠቅልለው እንደ ቀለበት ያዙሩትና ደረቷን መሐሉ ላይ ያሳርፉት። መቆም ከቻለች አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ይብቃት።

ወደ ካርቶኑ ስታዘዋውሯት ክፍሉን ያጨልሙ፤ ቀለል ያለ ፎጣ ጭንቅላቷን ጨምሮ ከላይ ይጣሉባትና ሁለቱን ክንፎች ከገላዋ ጋር አጥፈው በሁለት እጅ ያንሱ። አንዱን መዳፍ ከሆዷ ሥር አድርገው እግሮቿን በሌባ ጣትና በመሐል ጣት መካከል ይያዙ፤ አውራ ጣትዎ ደግሞ ከጀርባዋ በኩል የክንፎቹን ጫፍ ይያዝ። ደረቷን በፍጹም አይጭመቁ። ወፍ ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷ ወደ ታችና ወደ ላይ ሲንቀሳቀስ ነው። ያንን ካገዱባት በእጅዎ ላይ ታፍና ትሞታለች፤ ከውጭ የሚታየው ግን ሳትታገል ዝም ማለቷ ብቻ ነው።

እጅዎ ውስጥ እያለች እግሯን ይዳስሱ። የዋኖስ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሆነ ጤነኛዋ ለእጅ ሞቅ ትላለች። እግሯ ቀዝቃዛ ከሆነ ከምግብም ከውሃም ሙቀት ይቀድማል፤ በበረዳት ወፍ ውስጥ የገባ እህል ደረቷ ላይኛው ክፍል ባለው የእህል ከረጢት ቆሞ ይኮመጥጣል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ለእጅ የሚቻል ሙቅ ውሃ ይሙሉ፤ በጨርቅ ይጠቅልሉና ከካርቶኑ አንድ ጎን ያስጠጉት፤ ሲቀዘቅዝ ይቀይሩት። የሚሞቀው ግማሹ ብቻ ይሁን፤ ሲበዛባት ወደ ሌላው ጎን መሸሽ መቻል አለባት። በሞቃቱ በኩል ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይበቃል። አፏን ከፍታ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰችና ክንፏን ከገላዋ ካራቀች በዝቷል፤ ጠርሙሱን ያውጡ። መስኮት መትታ የወደቀች ወይም ጭንቅላቷ የተመታ፣ ከአፍንጫዋ ደም የሚታይባት፣ የሁለት ዓይኖቿ ብሌን እኩል ያልሆነ ወፍ ከሆነች ግን ተጨማሪ ሙቀት አይስጡ፤ ጨለማና ጸጥታ ብቻ ይሁንላት።

ክዳኑን ይዝጉና ለአንድ ሰዓት ያህል አይክፈቱት። እየከፈቱ «አለች ወይ?» ማለት ከበሽታው ባልተናነሰ ያደክማታል።

ሲሪንጁን አሁኑኑ ያቁሙ። የወፍ የአየር ቧንቧ መግቢያ ምላሷ ሥር፣ አፏ ሲከፈት በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ነው፤ አፏ ውስጥ ጠብ የሚደረገው ውሃ በቀጥታ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከጠብታው በኋላ ያሳላት፣ ጭንቅላቷን ያራገፈች ወይም ስትተነፍስ የሚንቀረቀር ድምፅ የምታሰማ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ውሃ የምትጠጣበት መንገድም ከዶሮ ይለያል። ዶሮ ጎንጭታ አንገቷን ወደ ላይ ታቀናለች፤ ዋኖስና ርግብ ግን መንቁራቸውን ነክረው ሳያነሱ ይስባሉ። ስለዚህ ውሃው ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ በሳህን ላይ እንደ ነገሩ የፈሰሰ ውሃ ከፊቷ ሆኖም ትጠማለች። የማይገለበጥ ከባድ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ጎድጓዳ ዕቃ ይጠቀሙ። ካልጠጣች የመንቁሯን ጫፍ ብቻ ቀስ አድርገው ያስነክሩ፤ አፍንጫዋ ከውሃው በላይ ይቆይ። ውሃውን ስታውቀው ራሷ ትስባለች።

ዓይኗ ገባ ካለ፣ የአፏ ውስጥ ምራቅ እንደ ክር የሚሳብ ከሆነ ሰውነቷ ደርቋል። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ለብ እንዳለ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ በዚያው ጎድጓዳ ዕቃ ያቅርቡላት። ከዚያ በኋላ ንጹህ ውሃ። ልኩን በግምት አይጨምሩ፤ ጨው የበዛበት ውሃ ይመርዛታል።

ዳቦና ወተቱን ይተዉት። ወተት የወፍ ሆድ የማይፈጨው ነው፤ የራሰ ዳቦ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ሊጥ ሆኖ ይቦካል። ዋኖስ እህል በል ናት፤ ፍሬውን ሳትፈለፍል ሙሉውን ትውጣለች፣ ከረጢቱ ውስጥ ታርሰዋለች፣ ጡንቻማ ጨጓራዋ ደግሞ ከዋጠችው ጠጠር ጋር ይፈጨዋል። ስንዴ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ የተከካ በቆሎና ምስር በጥሬው ደባልቀው ይስጧት። ጨው፣ ዘይትና ቅመም የነካው፣ የተቆላም ሆነ የሻገተ እህል አይሆንም። ከ120 እስከ 150 ግራም የምትመዝን ዋኖስ በቀን 15 ግራም ያህል፣ 300 ግራም የምትመዝን ርግብ 30 ግራም ያህል ትበላለች። ማብላቱ ከሁለተኛው ሳምንት ካለፈ ትንሽ የታጠበ ደቃቅ ጠጠር በተለየ ዕቃ ይቅረብላት።

አሁን ለምን አልበላችም? ዳቦው ምግቧ ስላልሆነ ነው፤ ፈርታለች፤ ድመቷ ያቆሰለቻት ቦታም ያማታል። ካርቶኑ ውስጥ ከገባች በኋላ ደግሞ አራተኛ ምክንያት ይጨመራል፦ ዋኖስ በጨለማ አትበላም። ጨለማው ለመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች መድኃኒት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስርባታል። ሙቀቷ ሲመለስ ክዳኑን አንስተው በሚያሳይ ስስ መረብ ወይም ቀጭን ጨርቅ ይተኩት፤ ቀን 12 ሰዓት ያህል ለስላሳ ብርሃን ታግኝ፣ ሌሊት ጨለማ ይሁን። እህሉን ወረቀቱ ላይ ይበትኑት፤ ክዳን ያለው የወፍ መመገቢያ ምን እንደሆነ አታውቅም። በጣትዎ ወይም በእርሳስ ጫፍ ፍሬዎቹን ጥቂት ጊዜ ቆንጠር ቆንጠር አድርገው ወዲያው ከክፍሉ ይውጡ። ብዙዎቹ የሚበሉት ማንም ሳያያቸው ነው። 20 ግራም መዝነው ይስጡና ማታ የተረፈውን ይመዝኑ፤ ገለባ ስለማትተው የጎደለው በሙሉ የበላችው ነው።

ሚዛንም ሆነ ዓይን ካልደረሰ ኩሷ ይናገራል። ጤነኛው ኩስ ቅርጹን የያዘ፣ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ ነጭ ቅብ ያለበት ነው። ጥቂት፣ ደማቅ አረንጓዴና ሙጫ መሳይ ከሆነ ሐሞት ብቻ ነው የሚወጣው፤ አልበላችም ማለት ነው። መሐሉ ላይ ክር የመሰለ ነገር ያለበት ብዙ ንጹህ ውሃ ከሆነ ኩላሊቷ ወይም ነርቭዋ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል። ደም ከታየ ለሐኪሙ ፎቶ አንስተው ይላኩ። ወረቀቱን ጠዋትና ማታ ሲቀይሩ ስንት ጊዜ እንደጣለች ይቁጠሩ፤ ከትናንት ዛሬ ከጨመረ መንገዱ ቀንቷል።

ሙቀቷ ተመልሶ፣ ብርሃን አግኝታ፣ እህል ከፊቷ ተበትኖ አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች በእጅ መመገብ ግድ ነው። እሸት አተር ወይም ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ የለሰለሰ አተር ለብ ያድርጉ። ወፏን በፎጣ ጠቅልለው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡ፤ በአንድ እጅ አውራና ሌባ ጣት መንቁሯን ከሥሩ በኩል ከግራና ከቀኝ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ። መንቁሩ ለስላሳ ነው፣ ጫፉን ስበው ከከፈቱት ይጣመማል። አንድ አተር ከምላሷ ኋላ፣ ከዚያ ስንጥቅ ባሻገር ያስገቡና ይልቀቋት፤ እስክትውጥ ይጠብቁ። ለዋኖስ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15፣ ለርግብ ከ25 እስከ 30 ፍሬ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ከእያንዳንዱ በፊት ከረጢቱን በጣት ይዳስሱ። ካለፈው ጊዜ የቀረው ካልወረደ አይጨምሩ፤ አብጦ እንደ ሊጥ የሚጫን ወይም አፏ የሚሸት ከሆነ መመገቡን አቁመው ሐኪም ይጠይቁ። የበላችው አተር ወይም የጠጣችው ውሃ በደረቷ በኩል ላባዋን የሚያርስ ከሆነ ደግሞ ድመቷ ከረጢቱን ቀድዳዋለች፤ ይህ በሐኪም መስፋትን ይጠይቃል፤ በራሱ አይዘጋም።

ክንፉን በተመለከተ ትልቁ ስህተት «ይንኳኳ እንደሆነ» እያሉ መዘርጋት ነው። የተሰበረ አጥንት ጫፉ ስለት ነው፤ በእያንዳንዱ ዝርጋታ ነርቭና ደም ሥር ይቆርጣል። ከፊት ለፊቷ ሆነው ሁለቱን ትከሻዎች ያወዳድሩ። ክንፉ ከትከሻው ጀምሮ ከወረደ የላይኛው አጥንት ሊሆን ይችላል፤ ከመሐል ታጥፎ ጫፉ ብቻ ከተጎተተ የታችኛው ነው። ተጣጥፎ የተቀመጠ የሚመስል ግን ከትከሻ በላይ የማይነሳ ክንፍ የደረት ውስጥ አጥንት ስብራትን ያመለክታል፤ ይህ መስኮት የመቱ ወፎች ላይ ይበዛል። መገጣጠሚያው ራሱ የደቀቀ ወይም አጥንቱ ወጥቶ የደረቀ ከሆነ ተስፋው ጠባብ ነው፤ ሐኪሙ ሥቃይዋን ማሳጠር ይሻላል ቢል ምክሩን ይስሙት።

ጊዜው አጭር ነው። የወፍ አጥንት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ስለሚገጥም፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ካልተስተካከለ ጠሞ ይጠነክራል። ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ድረስ ክንፉን እንደ ጤነኛው አጥፈው ከገላዋ ጋር ማሰር ይቻላል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከራሱ ጋር ብቻ የሚጣበቅ ፋሻ ይጠቀሙ። በተጎዳው ክንፍ ላይ አልፎ፣ በደረቷ ሥር ዞሮ፣ ከጤነኛው ክንፍ በታች ይውጣ፤ ጤነኛው ክንፍ ነጻ ይሁን፤ ፋሻው ከረጢቱ ላይም ሆነ እግሯ ላይ አይረፍ። ሁለት ዙር ይበቃል። እርሳስ ከሥሩ የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። ለአሥር ደቂቃ አጠገቧ ይቆዩ፤ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ጠብቋል። ላባ ላይ የሚጣበቅ ፕላስተር ሲነሳ ቆዳዋን ይዞ ይወጣል፤ የዋኖስ ቆዳ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ፋሻው ያለ ሐኪም ክትትል ብዙ ቀን መቆየቱም ሌላ ጉዳት ነው፤ የክንፉ ፊት ለፊት ያለው ስስ ቆዳ ስለሚኮማተር አጥንቱ ድኖ ክንፉ ሳይዘረጋ ይቀራል። ሐኪሙ በየጥቂት ቀኑ ፈትቶ የሚዘረጋው ለዚህ ነው።

ቁስል ካገኙ በግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው በጎዝ፣ ማለትም በቁስል ማጽጃ ስስ ጨርቅ ያጽዱት። አንድ ነገር ይለይ፦ የላይኛው ክንፍ አጥንት ውስጡ ባዶና ከአየር ከረጢቶቿ፣ ማለትም ከመተንፈሻዋ ጋር የተገናኘ ነው፤ አጥንቱ ወጥቶ የሚታይ ከሆነ ውሃ አያፍስሱበት፤ በእርጥብ ጎዝ ብቻ ይሸፍኑት። ቫዝሊንና ቅባት ላባውን ስለሚያበላሽ ይቅር። ደም ከፈሰሰ በንጹህ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑ። የወፍ ደም ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ 120 ግራም የምትመዝን ዋኖስ 12 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ አላት። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ቢያስቡ፣ ወረቀቱ ላይ ትንሽ የሚመስለው ለእሷ ትንሽ አይደለም። ቆዳዋ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ከተቀደደ የአየር ከረጢት የወጣ አየር ነው፤ በራስዎ መርፌ አይብሱት። በቁስሉ ዙሪያ ነጭ የዝንብ እንቁላል ካዩ በወረንጦ አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል።

ሳሎኑም አይስማማትም። በር የሚዘጋ፣ ቴሌቪዥን የሌለበት፣ ልጆችና ድመት የማይገቡበት ክፍል ይምረጡ። ድመት በር ላይ ቆማ ማየቷ ብቻ ወፏን ከመብላት ያግዳታል። ከወጥ ቤት ትራቅ፤ ቴፍሎን የተቀባ የማያጣብቅ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ሰውን ሳይነካ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ፍሊት፣ ሽቶ፣ የሲጋራም ሆነ ሌላ ጭስ እንዲሁ።

ለእርስዎም ጥንቃቄ አለ። የደረቀ ኩስ ሲበን የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ክላሚዲያ የተባለ ባክቴሪያና የተለያዩ ፈንገሶች ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከማንሳትዎ በፊት በውሃ ያርሱት፣ ማስክና ጓንት ያድርጉ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ዕቃዎቿን የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት አይጠቡ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ባይነካት ይሻላል። ዶሮ ወይም የቤት ርግብ ካለዎት አየር በማይጋራ ክፍል ይለዩዋት። በአካባቢው ብዙ ወፎች ሞተው ከታዩ ግን አይንኩ፤ ለሚመለከተው የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። ከላባዋ ውስጥ እየሮጠ የሚወጣ ጠፍጣፋ ዝንብ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የርግብ ዝንብ ነው፣ ሰው ላይ አይኖርም። የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ግን አይርጩባት።

ድመት የምትይዘው ጤነኛዋን ዋኖስ ብቻ አይደለም፤ አስቀድማ የታመመች ወፍም በቀላሉ ትያዛለች። አፏን ከፍተው በብርሃን ይመልከቱ፤ ጽዱ ሮዝ መሆን አለበት። ቢጫ አይብ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ፣ ከሸተተ፣ ፍሬ አንስታ የምትጥል ከሆነ ትሪኮሞናስ የተባለ በዓይን የማይታይ ተውሳክ የሚያመጣው ካንከር የተባለ በሽታ ሊሆን ይችላል። አይፋቁት፤ ደሙ ያፍናታል። ሐኪሙ በሚያዘው እንደ ሜትሮኒዳዞል ባለ መድኃኒት ቶሎ ከተጀመረ ይድናል። አንገቷ የሚጠማዘዝ፣ ፍሬ ለመልቀም ስትሞክር የምትስት፣ ኩሷ ውሃ የሆነ ወፍ ነርቭን የሚያጠቃ ፓራሚክሶ የተባለ ቫይረስ ሊኖርባት ይችላል፤ ይህ ከጭንቅላት ምት ጋር ይመሳሰላል። በዓይን፣ በመንቁርና በእግር ላይ የሚወጣ ኪንታሮት መሳይ ፈንጣጣ ከሆነ ሳይነካ በሳምንታት ይረግፋል።

በየቀኑ ጠዋት ከመብላቷ በፊት በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኗት፤ ከመጀመሪያው ቀን አንድ አሥረኛ ከቀነሰች የሚታየው ሁሉ ደህና ቢመስልም ደህና አይደለችም። የደረት አጥንቷን በጣት ዳስሰው ጎንና ጎኑ ሥጋ ከሌለው እንደ ቢላ ስለት ይወጣል።

ፋሻው ከተፈታ በኋላ ወደ 60 በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር ቦታ፣ ግድግዳው ድፍን ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ቤት ትዛወር። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሦስት ሴንቲ ሜትር ለብ ያለ ውሃ በሰፊ ሳህን ለሩብ ሰዓት ያቅርቡላት፤ መታጠቧ ላባዋን ውሃ እንዳይዘልቀው ያደርገዋል። የጠዋት ፀሐይም በመረብ በኩል ለ20 ደቂቃ ታግኝ፤ በመስታወት ያለፈ ፀሐይ ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገውን ጨረር አያሳልፍም። ግማሹ ጥላ ይሁን።

ከሁለት ሳምንት በላይ የታሰረች ወፍ የደረት ጡንቻዋ ሟሙቷል፤ አጥንቱ ስለገጠመ ብቻ አትለቀቅም። መስኮቱን መጋረጃ ጋርደው፣ መስተዋቱን ሸፍነው፣ የጣሪያ ማራገቢያውን አጥፍተው፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ክፍል ውስጥ ትብረር፤ ከሳምንት በኋላ ከመሬት ተነስታ ወደ ቁም ሣጥን ከፍታ በቀጥታ መውጣት፣ መዞርና ሳትወድቅ ማረፍ አለባት። ወደ አንድ ጎን የምታዘነብል ወይም ሁለት ጊዜ በርራ አፏን የምትከፍት ገና ናት። ራሷ የምትበላ፣ ላባዋ ሙሉ የሆነ፣ ሰው ሲገባ የምትሸሽ ትሁን። የመጨረሻውን ብዙዎች ያዝኑበታል፤ ሰው የማትፈራ ዋኖስ ግን ድመትንም አትፈራም።

ቀኑ ሲደርስ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ይምረጡ፤ በልታ ትውጣ። የሚለቀቅበት ቦታ የተገኘችበት አካባቢ ነው፤ የእሷ ዓይነት ሌሎች ዋኖሶች የሚታዩበትና ያቺ ድመት የማትውልበት ጥግ ይሻላል። ወደ ላይ አይወርውሯት፤ ካርቶኑን ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ይክፈቱና ወደ ኋላ ይበሉ። ወዲያው ባትወጣ ችግር የለውም። መሬት ላይ ወርዳ ግማሽ ሰዓት ሳትነሳ ከቆየች ግን በፎጣ መልሰው ይያዟትና አንድ ሳምንት ተጨማሪ ልምምድ ይስጧት።